ከመርፌው ጀርባ ያለው ሽቦ

ሚያዝያ 3

ለተከበሩ አጎቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ ያ አስቸጋሪ ጆሮዎ እንዴት ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። ከሰፈሩ ሱቅ ስልክ ብደውል ይቀለኝ ነበር፤ ግን ባለፈው ጊዜ ሩብ ሰዓት ሙሉ ጮኬ የተረፈኝ የባለ ሱቁ ሳቅ ብቻ ስለሆነ ብዕር ይሻላል ብያለሁ።

እማዬ ስለ ራሷ ስታወራ ማሳነስ እንደምትወድ ያውቃሉ። "ትንሽ ኩላሊቴን" ስትል የከረመችው ነገር አሁን በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ሆኗል። ማሽኑ ያለው ከዳገቱ ወዲያ ባለው ሆስፒታል ነው። ተራው በሰዓት ነው የተሸነሸነው፤ አርፍዶ የደረሰ ያረፈደውን ያህል ከእጥበቱ ይቀነስበታል። የተቀነሰባት ቀን ማታ እግሯ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ስለዚህ ማርፈድ አንችልም።

ችግሩ ቡሬ ናት። ቡሬ የምላት መኪናችንን ነው፤ አንዱ በሯ ሰማያዊ ሌላው ነጭ ከሆነ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ያወጣላት ስም ነው። ከጡብ ፋብሪካው በላይ ያለው ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ ትፈላለች። ወርጄ ኮፈኑን እከፍታለሁ፣ እስክትበርድ እንጠብቃለን፣ ውኃ እጨምራለሁ። እማዬ ከኋላ ወንበር ሆና "ዛሬ የምታጠበው እኔ ነኝ ወይስ እሷ?" ትለኛለች። እስቃለሁ፤ ዓይኔ ግን ከሰዓቴ ላይ አይነሳም።

ራዲያተሩ ተጠርጓል፣ የውኃ ፓምፑም ተቀይሯል። የሰፈራችን የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ብልጭታ እያልን የምንጠራው፣ የሚለው እንዲህ ነው፤ የአሁኑ ፋን በሞተሩ ቺንጋ ስለሚዞር ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ ስናዘግም እሱም አብሮ ያዘግማል። በኤሌክትሪክ የሚዞሩ ሁለት ፋኖች ያስፈልጋሉ። እነሱን ደግሞ አሮጌው ዲናሞ አይችላቸውም፣ በትልቅ መቀየር አለበት። እዚህ ፈልገን አጣን። እርስዎ እዚያ ሰው አገር የሚሠሩት የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ስለሆነ ምናልባት ብዬ ነው።

አባባ ደህና ነው። ጉልበቱን ትንሽ ስለሚያመው የምነዳው እኔ ነኝ። ሕጉን ግን ዛሬም አልለወጠም፤ የፊት መብራት በርቶ የዝናብ መጥረጊያ አይበራም፣ ዳገት ላይ ሬዲዮ ይጠፋል። ኤሌክትሪኩን ከደመወዙ የሚቆርጡበት ነው የሚመስለው።

በፎቶ ብቻ የማውቅዎ የወንድምዎ ልጅ

ሚያዝያ 27

ለወንድሜ ልጅ፣ ለአዲሷ ሹፌር፣

መንገዱ ይቅናሽ፤ ፍሬንሽ ይታዘዝሽ። እትዬን እግዜር ይማርልኝ። ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ቆሜ አነበብኩት፤ ሁለተኛ ቤቴ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። በሳምንት ሦስት ቀን! ይህን ሁሉ ጊዜ "ደህና ነን" ስትሉኝ የከረማችሁት ይሄንን ነው?

ብልጭታ ያልሽው ሰው ልክ ብሏል። ስሙን ግን አልወደድኩለትም፤ ኤሌክትሪክ ለሚሠራ ሰው ብልጭታ መባል ምስጋና አይደለም።

አንድ ካርቶን ልኬያለሁ። ውስጡ ዲናሞ አለ፤ ያገለገለ ነው፣ ጤነኛነቱን ግን እኔ እመሰክራለሁ። የእናንተ አሮጌው ሠላሳ አምፔር ቢጨነቅ ነው፤ ይሄ ዘጠና ይሰጣል። ሁለት ፋኖች፣ ኤሌክትሪኩን የሚከፍቱና የሚዘጉ ሪሌዎች፣ ፊውዞች፣ ራዲያተሩ ሲሞቅ ፋኖቹን በራሱ የሚያስነሳ ማብሪያ፣ አውራ ጣት የሚያክል ቀይ ኬብልም አለ። ሥዕሉን ሦስት ጊዜ ነው የሳልኩት። ቀዩ ኬብል ከዲናሞው በቀጥታ ወደ ባትሪው ይሄዳል፤ ትልቁ ፊውዝ ለባትሪው በቅርብ ይገባል። እያንዳንዱ ፋን የየራሱ ሪሌና ፊውዝ ይኑረው። ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደውን የማሳ ገመድም፣ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን፣ በወፍራም ቀይሩት፤ ሰው ሁሉ መሄጃውን እንጂ መመለሻውን አያስብም። ፋኖቹ ሞተር ጠፍቶም ሊዞሩ ስለሚችሉ እጅሽን ዝም ብለሽ እንዳትሰጂ።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። አሮጌው የቻርጅ ሽቦ ከዲናሞው ተነስቶ ዳሽቦርዱ ውስጥ ይገባል፣ በአምፔር መለኪያው መርፌ በኩል ዞሮ ነው ባትሪው ጋ የሚደርሰው። ያንን ሽቦ ከሁለቱም ጫፍ ፍቱና አውጥታችሁ ጣሉት። ለሌላ ነገር እንኳ አትጠቀሙበት። ከዚያ ወዲያ መርፌው አይሠራም፣ መሃል ላይ ይቆማል። ወንድም ጋሼ ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፣ የሠላሳ ዓመት ሙያዬ ነው።

ደግሞስ ወንድም ጋሼ ከመቼ ወዲህ ነው መሪ ለሰው የሰጠው? እኔን ሃያ ዓመት ሲሞላኝ እንኳ በግቢው ውስጥ ነው ያስነዳኝ። ጉልበት ነው ያልሽው? እሺ፣ ጉልበት ይሁን።

አጎትሽ

ግንቦት 22

ለውድ አጎቴ፣

ያሰቡልንን እግዚአብሔር ያስብልዎ፤ እጅዎ አይንጠፍ። ካርቶኑ ደርሷል፤ አንድም ነገር አልጎደለም። ብልጭታ ዲናሞውን እንደ ሕፃን አቅፎት ነው ያወጣው።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ብልጭታ ሥዕልዎን ኮፈኑ ላይ ለጥፎ እየተመለከተ ይሠራል። አባባ በርጩማ አስወጥቶ ከፊተኛው ጎማ አጠገብ ተቀመጠ። ሁሉም መልካም ነበር፣ የመርፌው ነገር እስኪነሳ ድረስ።

"መርፌው ይሞታል? ማን ነው ያለው?" አለ አባባ።

"ወንድምዎ ናቸው፤ እዚሁ ተጽፏል። አሮጌው ሽቦ ለዚህ ዲናሞ አይበቃም፣ አባቴ" አለ ብልጭታ።

"በቅቶ ኖሯል። እስከተጠበቀ ድረስ ይበቃል።"

"እንዴት ነው ሽቦ የሚጠበቀው? በግ ነው እንዴ?"

"መርፌ በሌለው መኪና ልጄም ሚስቴም አይሄዱም። በቃ፣ ካልሆነ ዕቃህን ሰብስብ!"

ብልጭታ በጨርቅ ፕላስተር የተጠቀለለውን ሽቦ ገልጦ ሊያይ እጁን ሲሰድ አባባ ክንዱን ያዘው። "ያንን አትንካው" አለ። እንደዚያ ሲያመርር አይቼው አላውቅም። እማዬ በመስኮት ሆና "ተዉት፤ እሱና ያቺ መርፌ ሳንጋባ በፊት የተጋቡ ናቸው" አለች። ብልጭታም የሽማግሌ ክብር ይዞት አዲሱን ዲናሞ ከአሮጌው ሽቦ ጋር አገናኘውና ቀዩን ኬብል ከባትሪው ወደ ፋኖቹ ኤሌክትሪክ መውሰጃ አደረገው። ሥዕልዎን ስላላከበርን ይቅር ይበሉን።

ግን ይሠራል! ዳገቱን ስንወጣ ፋኖቹ እንደ ወፍጮ ቤት አጉረመረሙ፣ የውኃው ሙቀት ንቅንቅ አላለም። ሦስት ጊዜ ተመላልሰን ሦስቱንም በሰዓቱ ደርሰናል። እማዬ "አሁን ገና ሁለታችንም ታጠብን" ብላለች።

አባባ አሁን ካልሄድኩ ይላል፤ ከጎኔ ይቀመጥና በየደቂቃው "መርፌው የት ነው?" ይለኛል።

"ቀኝ።"

"ምን ያህል ቀኝ?"

"ሁለት ጣት።"

"ሬዲዮውን አጥፊ።"

ከፊቱ ተገትሮ እያለ ለምን እኔን እንደሚጠይቅ እንጃ።

ትርፍ ፊውዝ ቢገኝ መልካም ነው። ደግሞ እጀታ ያለው ትልቅ ማጉያ መስታወት ቢያገኙ፣ አባባ ጋዜጣ ሊያነብበት ይፈልጋል።

አክባሪዎ

ሰኔ 12

ስሚኝ፣ ሰላምታው ይቆየን።

ይህ ደብዳቤ እጅሽ እንደገባ መኪናዋን አታስነሺ። የባትሪዋን ገመድ ፍቺ። ብልጭታን ጥሪና ያን ሽቦ አውጡት። ወንድም ጋሼ ቢቆጣም፣ ቢራገምም አውጡት።

በጨርቅ ፕላስተር የተጠቀለለው ሽቦ የመኪና ሽቦ አይደለም። የቤት አምፖል ሽቦ ነው። ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ከአገር ልወጣ አራት ቀን ሲቀረኝ የቻርጁ ሽቦ ተቃጠለ። ወንድም ጋሼ "ካንተ በላይ የማምነው ባለሙያ የለም፤ ወፍራሙን አግኝተህ ሥራልኝ" አለኝ። እኔ በወረቀት ሩጫ ላይ ነበርኩ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፣ ሱቁ ተዘግቷል። ከምንተኛበት ክፍል ጣሪያ የአምፖሉን ሽቦ አወረድኩ። ሁለቱን ገመድ አንድ ላይ ጠመዘዝኩና ወፍራም እንዲመስል በፕላስተር ጠቀለልኩት። ሰኞ እቀይረዋለሁ ብዬ ነበር። ሰኞ ሌላ ጉዳይ መጣ፤ ማክሰኞ ተሳፈርኩ። ስሰናበተው "ኦሪጅናሉን ነው ያስገባህልኝ?" አለኝ። "ታዲያስ" አልኩት። ግንባሬን ስሞ መረቀኝ።

ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ "ዛሬስ ቀይሮት ይሆናል" እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖርኩ። አሮጌው ዲናሞ አቅም ስለሌለው ሽቦውን አላቃጠለውም። እኔ ደግሞ በገዛ እጄ ዘጠና አምፔር ጠቅልዬ ላክሁበት። ለምን እንደሚጣል ብጽፍላችሁ ኖሮ ትጥሉት ነበር። አፍሬ ነው ያልጻፍኩት። "የሠላሳ ዓመት ሙያዬ" ብዬ ጎረርኩብሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዛሬ ጠዋት ነው። ወዲያው በሥራ ባልደረባዬ በኩል አስደወልኩ። ባለ ሱቁ "የሕክምና ቀናቸው ነው፣ አሁን ወጡ፤ ዝናቡ ጉድ ነው፣ ቀኑ ጨልሟል" አለው። "መኪናዋን አታስነሱ በልልን" ብለነዋል። ከዚያ ወዲህ መስመሩ አይነሳም።

ዝናብ ከሆነ መጥረጊያው በርቷል። ከጨለመ መብራቱ በርቷል። ሁለቱ ፋኖች አሉ። እደምራለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ደጋግሜ እደምራለሁ፤ ሁልጊዜ ስልሳ አምፔር ይመጣል። ያ ሽቦ ስልሳ አይሸከምም። እናትሽ ከኋላ ተቀምጣለች፣ ወንድሜ ከፊት፣ አንቺ መሪ ይዘሻል።

እባክሽ ቶሎ ጻፊልኝ።

ሰኔ 30

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ይሁን እያልኩ ነው፤ መሆኑን አላውቅም።

ምንም አልደረሰኝም። ፖስተኛው ወደዚህ ሕንፃ ሲታጠፍ ገና ከመንገዱ ጫፍ አውቀዋለሁ። ትናንት የመብራት ደረሰኝ አመጣልኝ፣ ልጮህበት ምንም አልቀረኝም። በስልክ ሞከርን፤ ዝናቡ መስመሩን ጥሎታል አሉን። ሌላ የማውቀው ቁጥር የለኝም። ሃያ ስምንት ዓመት ስኖር ከአንድ ሱቅ ስልክ ሌላ አለመያዜን ሳስበው ራሴን እጠላለሁ።

እስከዛ እንደ ሞኝ የቀድሞ ደብዳቤዎችሽን እደጋግማለሁ። ጉልበቱን ያመዋል ትያለሽ። ከፊቱ ያለውን መርፌ ካንቺ ይጠይቃል ትያለሽ። ማጉያ መስታወት ትያለሽ። ልጄ፣ የወንድሜ ዓይን ነው አይደል? ልትነግሪኝ ፈርተሽ ከሆነ አልቆጣሽም። የመቆጣት መብት ያለኝ ሰው አይደለሁም።

እኔም ልናገር። ዲናሞውን ከጋራዥ አላገኘሁትም። ከራሴ መኪና ነው የፈታሁት፤ መኪናዬ በር ላይ ቆማለች። ይህን የምጽፈው እንድታመሰግኚኝ አይደለም። ያ ዲናሞ አንድ ነገር አድርጓችሁ ከሆነ ከኔው እጅ መውጣቱን እንድታውቂ ነው።

መስታወቱን ልኬያለሁ። አንድ መስመር ብቻ ጻፊልኝ፤ "አለን" በይኝ።

ሐምሌ 6

ለምወድዎ አጎቴ፣

አለን። ሦስታችንም አለን። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት እስከ ታች ሳይደርሱ እንዳይጨነቁ ነው።

ደብዳቤዎ የደረሰን ከትናንት በስቲያ ነው። እርስዎ ሲያስደውሉ እኛ ዳገቱ ላይ ነበርን። ዝናቡ በባልዲ ነው የሚወርደው፤ በቀትር መብራት ሳላበራ መንገዱ አይታየኝም። "አባባ፣ መጥረጊያውንም መብራቱንም ካላበራሁ ገደል ነው" አልኩት። "አብሪ፤ ግን መርፌውን ንገሪኝ" አለኝ። ጠመዝማዛው ላይ ፋኖቹ ተነሱ።

"መርፌው የት ነው?"

"ቀኝ። ጥግ ድረስ... አባባ፣ ይንቀጠቀጣል።"

"አቁሚ! አጥፊ!"

ሽታው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከዳሽቦርዱ ሥር ጭስ ወጣ። እኔ ፍሬን ላይ ደርቄ ቀረሁ። አባባ ጎንበስ ብሎ እጁን ከመርፌው ጀርባ ሰደደ፤ የገዛ ኪሱን ያህል ነው ቦታውን የሚያውቀው። ሽቦውን ይዞ ነቀለው። "ባትሪውን ፍቺ!" ሲለኝ ነው የነቃሁት። ዝናብ ውስጥ ወርጄ በአሥር ቁጥር ቁልፍ ፈታሁት፤ ሁለት ጊዜ ቁልፉ ወደቀብኝ። ስመለስ አባባ መዳፉን ወደ ውጭ ዘርግቶ ዝናብ ያስመታዋል። ፕላስተሩ ቀልጦ ከቆዳው ጋር ተጣብቋል።

አንድ ጡብ የጫነ መኪና ቆመልንና እማዬን ወሰዳት። ሰዓት ቢያልፍም ነርሷ ተራ አሸጋሽጋ አጠበቻት። እኔና አባባ ቡሬን አስጎትተን፣ እንደ አይጥ ርሰን ሰፈር ስንደርስ ባለ ሱቁ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። "ከውጭ ተደውሎ ነበር፤ መኪናዋን አታስነሱ ተብላችኋል" አለን። ሳቅ የመጣብኝ ዕለቱን ሙሉ ያኔ ብቻ ነው።

አባባ ግን አልሳቀም። "ለምን እንደሆነ ተናግሯል?" አለው።

"አልተናገረም።"

"እንግዲያው ደብዳቤ ይመጣል።"

ልጽፍልዎ ብዕር ሳነሳ ከለከለኝ። "አጎቴ እኮ በጭንቀት ይሞታል" አልኩት። "አይሞትም። እሱ አስቀድሞ ይናገር። ሃያ ስምንት ዓመት የጠበቅሁ ሰው ሦስት ሳምንት አያቅተኝም" አለኝ። ያኔ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ብታዘዘውም እርስዎን ሳስብ ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም፤ ይቅር ይበሉኝ።

ደብዳቤዎን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አነበብኩለት። "ታዲያስ" ያሉበት ላይ አስቁሞ አስደገመኝ። "አዎ፣ ልክ እንደዚያ ነው ያለኝ፤ 'ታዲያስ'" አለና ሳቀ። ቀጥሎ በታሰረው እጁ ዓይኑን ጠረገ።

"ታውቅ ነበር?" አልኩት።

"በሄደ በመጀመሪያው ክረምት። መብራትና መጥረጊያ አብሬ ሳበራ ዳሽቦርዱ ጋለ። ፕላስተሩን ገለጥ ባደርገው የመኝታ ቤታችን አምፖል ለምን እንደጠፋ ገባኝ።"

"ለምን አልቀየርከውም ታዲያ?"

"ለማን ላስቀይረው? የትኛውም ባለሙያ ቢያየው 'ይህን የሠራ ማን ነው?' ይላል። ወንድሜ ነው ልበል? ሰፈሩ ሁሉ በሙያው እየማለ የሸኘውን ልጅ? በመርፌው ጠበቅሁት። ዓይኔ እያለ ይበቃኝ ነበር።"

አጎቴ፣ ስንት ጊዜ ስቀንበታል! መብራቱን ሲያጠፋ፣ ሬዲዮውን ሲያስጠፋ ቆጣቢ ነው እያልን አላግጠንበታል። እኔም ለእርስዎ ጽፌ አላግጬበታለሁ። መርፌውን ያልለቀቀው በሽቦው ምክንያት ነው፤ ሽቦው የቀረው ደግሞ በመርፌው ምክንያት ነው። ለብልጭታ አንዲት ቃል ቢተነፍስ ሁሉም ይቀር ነበር። አልተነፈሰም።

የኔም ውሸት አለ። ጉልበቱ ምንም አላለውም፤ ዓይኑ ነው። ከጎን ከጎኑ እየጠበበ መጥቶ አሁን የሚታየው በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው። ሐኪሙ በቀረውም ከዓመት በላይ አልተማመንም ብሏል። "ሰው አገር ያለ ሰው አይጨነቅ" ብሎ እንዳልጽፍ ያስማለኝ እሱ ነው። ቤታችን እንዲህ ነው፤ ሁሉም ለሌላው እያሰበ ይዋሻል።

ብልጭታ በዚያው ሳምንት ሁሉንም እንደ ሥዕልዎ አድርጎ ሠርቶታል። ቀዩ ኬብል በቀጥታ ወደ ባትሪው፣ መሃሉ ላይ ፊውዝ፣ ማሳውም ተቀይሯል። ትናንት በዝናብ፣ መብራትና መጥረጊያ አብርተን፣ ፋኖቹ እየዞሩ ወጣን። አባባ ጠመዝማዛው ላይ "መርፌው የት ነው?" አለኝ። "መሃል" አልኩት። "እሰይ" አለ። ከእንግዲህ ሁልጊዜ መሃል እንደሆነ ያውቃል። ዳገቱ እስኪያልቅ ግን አራት ጊዜ ጠየቀኝ፣ አራት ጊዜ መለስኩለት። ከኋላ እማዬ ዘና ብላ ተኝታ ነበር።

አባባ የቀረውን ራሴ ካልጻፍኩ ብሎ ብዕሩን እየጠየቀኝ ነው።

አክባሪዎ የወንድምዎ ልጅ

ወንድሜ፣ መስመሩ ቢጣመም አትፍረድብኝ፤ በዳበሳ ነው የምጽፈው። እጄ እየዳነ ነው። ሽቦህ እኔ ጋ ነው። ልጅቷ ልትጥለው ስትል ከለከልኳት። ያስገባኸው አንተ ነህ፣ መጥተህ አንተው ጣለው። ቶሎ በል ግን፤ ፊትህን ልየው።